ሚዛኑ የማያየው ስድስት ኪሎ

ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁባት ሚዛን ቤት ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ናት። ውስጧ አንድ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የመኪና ቁልፍ የሚሰቀልበት ጣውላና አንድ ሰፊ መስኮት አለ። ከመስኮቱ ውጭ አሥራ ስምንት ሜትር የሚረዝም የብረት መድረክ መሬቱ ላይ ተጋድሟል፤ ሚዛኑ እሱ ነው። ከድንጋይ መፍጫው ጠጠር የሚያመላልሱት ገልባጭ መኪኖች ባዶአቸውን ሲገቡ እሱ ላይ ይቆማሉ፤ ቁጥሩን ጽፌ በአረንጓዴ መብራት አሳልፋቸዋለሁ። ጭነው ሲወጡ እንደገና ይቆማሉ፤ ቁጥሩን እጽፋለሁ። ከሁለተኛው የመጀመሪያውን ቀንሼ ቲኬት እቆርጥና አረንጓዴ መብራት አበራለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው። ይህን ቀላል ነው የሚል ሰው ሾፌር አያውቅም።

ከተፈቀደው በላይ የጫነ መኪና ከበሩ አይወጣም። ስለዚህ ሾፌር መላ ይፈልጋል። የውሃ በርሜሉን መንገድ ላይ ደፍቶ የሚመጣ አለ። ትርፍ ጎማውን አጥር ሥር ደብቆ፣ ከወጣ በኋላ ተመልሶ የሚወስድ አለ። ባዶውን ሲመዘን ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ፣ ጭኖ ሲመለስ ግን «እግሬን ላፍታታ» ብሎ የሚወርድም አለ። እኔ ዘንድ ይህ አይሠራም። ወይ ሁለቴም ውስጥ፣ ወይ ሁለቴም ውጭ። በርሜሉ ባዶ መሆኑን ከወንበሬ ሳልነሳ አውቃለሁ። እትዬ ሚዛን ይሉኛል፤ ከኋላዬ ምን እንደሚሉኝም አላጣውም።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። የእኔ ሚዛን የሚቆጥረው በሃያ ሃያ ኪሎ ነው። ከሃያ በታች ያለውን አያየውም። ከጊዜ በኋላ እኔም ማየቱን ተውኩት።

ከሾፌሮቹ አንዱ ታናሽ ወንድሜ ነው። አሥራ አንድ ዓመት እበልጠዋለሁ። እናታችን ስታርፍ እሱ ገና ፊደል አልቆጠረም ነበር፤ ስለዚህ እህቱም እናቱም እኔ ነኝ፣ ተቆጪውም እኔው። ግቢ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ስኮርታ ነው የሚሉት። ስኮርታ መኪና ለክፉ ቀን የሚይዘው ትርፍ ጎማ ነው። ሆዱን አይተው ነው ያወጡለት። እሱም አልከፋውም፤ «ስኮርታ ሳልይዝ መንገድ አልወጣም» እያለ ሆዱን መታ መታ ያደርገዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሾፌሮች ዓመታዊ ምርመራ ተመልሶ መስኮቴ ሥር ቆመ። እጁ ላይ ለአራት የታጠፈ ወረቀት ይዟል።

«እትዬ፣ ሐኪሟ አልፈርምም አለችኝ።»

«ምን አደረግህ?»

«ግፊትህ ከፍ ብሏል አለች። መድኃኒት ጻፈችልኝ። ክብደትህ መቶ ሃያ አራት ነው፣ በሦስት ወር ውስጥ ስድስት ኪሎ ቀንሰህ ና፣ ግፊቱም አብሮ ይወርዳል፣ ያኔ እፈርማለሁ አለች። እስከዚያ እንድነዳ ጊዜያዊ ወረቀት ሰጥታኛለች።»

ሐኪሟ ካልፈረመች ምን እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን። ቁልፍ አስረክቦ ጎማ መጋዘን ይገባል። ከእሱ በፊት የገቡ አሉ፤ አንዳቸውም ተመልሰው መሪ አልያዙም። ወንድሜ ከሃያ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ ሌላ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። መሪ ካልያዘ እጁን የት እንደሚያደርገው የሚቸግረው ሰው ነው። መጋዘን ቁጭ ብሎ ጎማ ሲቆጥር ታየኝና ሆዴ ባባ። እኔ ደግሞ ሆዴ ሲባባ የምናገረው በቁጣ ነው።

«ስድስት ኪሎ?» አልኩት። «ጎማህ ላይ የተለጠፈው ጭቃ ስንት ይመስልሃል? ስድስት ኪሎ እኮ እኔ ሚዛን ላይ ብታስቀምጠው ቁጥሩን አያነቃንቀውም።»

«እሷ ናት ያለችው።»

«ይሉኝታ ይዟት ነው። እንዳትደነግጥ ብላ ነው። እሷ አታውቅህም፣ እኔ አውቅሃለሁ። ከመቶ በታች ነው የምትወርደው።»

ዝም አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ እኔ ስናገር ዝም ይላል፤ እኔም ዝምታውን ሁልጊዜ እንደ እሺታ ነው የምቆጥረው።

እዚያው እጁን ይዤ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ወሰድኩት። እዚያ ብሎንና የብየዳ ዘንግ የሚመዘንበት፣ ሰው ሊቆምበት የሚችል ሚዛን አለ፤ መቶ ግራም እንኳ አያልፈውም። ወጣበት። መቶ ሃያ ስድስት አለ። «አየህ፣ እሷ ሁለት ኪሎ አሳንሳልሃለች» አልኩት።

ሻይ ውስጥ የሚጨምራትን አምስት ማንኪያ ስኳር ተወ። ረፋድ ላይ የሚገምጠውን ዳቦ ተወ። ማታ ከምግቡ ግማሹን። በሳምንቱ ጠዋት፣ ግምጃ ቤቱ ገና እንደተከፈተ፣ ቁርስ ሳይቀምስ በባዶ እግሩ ወጣበት። መቶ ሃያ ሁለት። በሰባት ቀን አራት ኪሎ! ግምጃ ቤቱን ያለ ሥራዬ እየተንጎራደድኩ ሳቅሁ። እሱም እንደ ልጅ ጥርሱን አሳየኝ።

እንግዲህ ሒሳብ ሥራዬ አይደል? አንድ የቲኬት ካርድ ጀርባ ላይ ጻፍኩ። አራት ኪሎውን እንኳ በየሳምንቱ አልጠብቅም፣ ደግ ነኝ፤ ሁለት ሁለት ይሁን ብዬ፣ የአሥራ ሦስቱን ሳምንት ቁጥር ከላይ ወደ ታች ደረደርኩት። መጨረሻው ላይ ዘጠና ስምንት ወጣ። በቀይ ከበብኩት። ካርዷን መስኮቴ ላይ ወደ ውጭ አዙሬ ለጠፍኳት፤ የሚገባ የሚወጣ ሾፌር ሁሉ እንዲያያት። ሰው ካየው ያፍራል፣ ካፈረ ይጠነክራል ብዬ ነው። ይህን ስጽፍ እጄ ላይ ያለው ብዕር እንኳ ይከብደኛል።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ከካርዷ አጠገብ የጻፍኩት መቶ ሃያ አንድ ነጥብ አራት ነው። ካርዷ መቶ ሃያ ትላለች። «ይሁን፣ በሚቀጥለው ታካክሰዋለህ» አልኩት። በሦስተኛው ግማሽ ኪሎ ወረደ። በአራተኛው ጭራሽ አራት መቶ ግራም ጨመረ። በአምስተኛው መቶ ሃያ ነጥብ ስድስት። በስድስተኛው ያችኑ መቶ ሃያ ነጥብ ስድስት፤ ካርዷ ደግሞ መቶ አሥራ ሁለት ላይ ደርሳለች። ሾፌሮቹ ቲኬት ሲቀበሉ ካርዷን ያነቡና «እትዬ ሚዛን፣ ስኮርታ እኮ አልተነፈሰም» እያሉ ይስቃሉ። ሳቁ የእሱ መሆኑ ቀርቶ የእኔ ሆነ።

ያን ቀን ደሜ ፈላ። መድረኩ ላይ ባዶ መኪናውን አቁሞ አረንጓዴ ሲጠብቅ ወጥቼ የጋቢናውን በር ከፈትኩ። ከመቀመጫው ጎን ያለችውን ምሳ ዕቃ አንስቼ ከኋላ የተሰለፉት ሁለት ሾፌሮች እያዩ ከፈትኳት። ድንች፣ ጎመንና ግማሽ ዳቦ።

«ሌላውን የት ነው የደበቅኸው?»

«ሌላ የለም እትዬ።»

«ሚዛን አይዋሽም። አንድ ቦታ እየበላህ ነው።»

«አልበላሁም።» ወደ ፊቴ አላየም። መሪውን ይዞ ወደ ፊት ነው የሚያየው። «አልበላሁም እትዬ፣ እሺ በቃ።»

«እሺ በቃ» ያለው ምን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። ምሳ ዕቃዋን መለስኩና ወደ ወንበሬ ተመለስኩ።

በሰባተኛው ሳምንት መቶ አሥራ ስምንት ነጥብ አንድ ሆነ። በስምንተኛው መቶ አሥራ ስድስት። ደስታዬን ምን ልበላችሁ! ካርዷ ላይ በሰማያዊ ብዕር ክብ ሠራሁ። ላሾፉት ሁሉ በጣቴ አሳየኋቸው። «ቁጣ ነው የሠራው» አልኩ አፌን ሞልቼ። ያን ጊዜ የሚመዘነው ጠዋት መሆኑ ቀርቶ ከሰዓት በኋላ፣ ከመኪናው እንደወረደ ሆኖ ነበር። ከንፈሩ ይሰነጠቅ ነበር። ዓይኑ ገባ ገባ ብሏል። ከጋቢናው ሲወርድ መያዣውን ሁለት ጊዜ ይስት ነበር። ይህን ሁሉ አይቻለሁ። ባዶ በርሜል ከወንበሬ ሳልነሳ የማውቀው እኔ፣ አየሁና አላወቅሁም።

በዘጠነኛው ሳምንት ማክሰኞ ነው። ፀሐይ አናት ይበሳል። ወንድሜ ባዶውን ገባ፤ መድረኩ ላይ ቆመ፤ አሥራ አራት ሺህ ሁለት መቶ ስልሳ፤ ጻፍኩ፤ አረንጓዴ አበራሁ። አልተንቀሳቀሰም። ከኋላው ያለው ጥሩምባ ነፋ። አጠፋሁና እንደገና አበራሁ። አልተንቀሳቀሰም። «ስልክ እያወራ ነው» ብዬ እየተሳደብኩ ወጣሁ።

በሩን ስከፍት የምድጃ አፍ የመሰለ ሙቀት ፊቴን መታኝ። በዚያ ፀሐይ መስታወቱ ተዘግቶ የመኪናው ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። ወንድሜ መሪው ላይ ተደፍቷል። የእጅ ፍሬኑን ግን ስቦታል፤ ልማዱ ሆኖ እጁ አልረሳውም። የሥራ ልብሱን ስፈታው ከሥሩ የዝናብ ልብስ ለብሷል፤ እስከ አንገቱ ተቆልፎ። ውሃ መያዣው መቀመጫው ሥር ደርቆ ወድቋል።

ገባኝ። በርሜሉን ደፍቶ ነው የመጣው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው መኪናውን እንዲህ ሲያደርግ ስይዝ ኖሬ፣ የገዛ ወንድሜ ሰውነቱን እንዲህ ሲያደርግ ክብ እየሠራሁ አሞገስኩት።  ከኋላ ያሉት ሾፌሮች ሮጠው መጥተው አወረዱት፤ እኔ ስሙን ብቻ ነበር የምጠራው፣ ስኮርታ የሚለውን አይደለም፣ እናታችን ያወጣችለትን።

ክሊኒኩ ከግቢው በታች ስለሆነ ቶሎ ደረስን። ክንዱ ላይ ጉሉኮስ ሰኩለት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዓይኑን ገልጦ ውሃ ጠየቀ፤ ያን ቀን ልቤ ወደ ቦታዋ የተመለሰችው ያኔ ነው። ሐኪሟ ሌሊቱን እዚያው ይደር አለች። የእኔን ልጅ የምታክል፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት።

በማግስቱ ጠዋት ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ፣ ቁርስ ሳይቀምስ፣ በሆስፒታል ቀሚስ ብቻ መዘነችው። መቶ አሥራ ዘጠኝ ነጥብ ሦስት።

ወንድሜ ፊቱ ጠቆረ። «መቶ አሥራ ስድስት ደርሼ ነበር» አለ።

«ውሃውን ደፍተኸው ነበር፤ አሁን መለስነው» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እጄ ላይ ካርዷ አለች፤ ለምን ከመስኮቱ ላይ ገንጥዬ ይዤያት እንደመጣሁ አላውቅም። ተቀብላ አነበበች። «ይህን ያወጣው ማነው?»

«እኔ ነኝ ዶክተር።»

«ሁለት ሁለት ኪሎውን ከየት አመጡት?»

«በመጀመሪያው ሳምንት አራት ኪሎ ወርዶ ነበር። ግማሹን ነው የያዝኩት።»

«የመጀመሪያው ሳምንት ያሞኛል» አለች። «ሰው ምግቡን ሲቀንስ መጀመሪያ የሚወጣው ውሃና ሆድ ውስጥ ያለው ነው። ስብ እንደዚያ አይሮጥም። በደንብ ከሄደ በሳምንት ግማሽ ኪሎ፣ ቢበዛ አንድ። አንዳንድ ሳምንት ምንም። አንዳንድ ሳምንት ጨው የበዛበት ምግብ ይበላል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ሚዛኑ ይጨምራል፤ ስቡ ግን እየሄደ ነው። ለዚህ ነው አንድ ቀን አይቶ መፍረድ የማይቻለው።» ትንሽ አሰበች። «ግን አራት ኪሎ በዛ። መጀመሪያ ሲመዝኑት ምን ለብሶ ነበር?»

 ከሰዓት በኋላ ነበር። ምሳ በልቷል። ያንን የብረት አፍንጫ ያለው የሥራ ጫማ አድርጓል፤ ጃኬቱን ለብሷል፤ ቁልፉ ወገቡ ላይ ተንጠልጥሏል። በሳምንቱ ደግሞ በባዶ እግር፣ በባዶ ሆድ። ባዶውን ሲመዘን ጋቢና ተቀምጦ፣ ጭኖ ሲመለስ የወረደ ሾፌር ቢያጋጥመኝ ከነመኪናው አባርረዋለሁ። እኔ ግን ወንድሜን አንዴ ከነጫማው፣ አንዴ ያለ ጫማው መዝኜ በልዩነቱ ዕድሉን ጻፍኩበት።

ነገርኳት፤ ስድስቱን «ይሉኝታ ይዟት ነው» ማለቴንም አልደበቅሁም። አልሳቀችም። እሱ ግን ከአልጋው ላይ ትንሽ ሳቀ፤ ሳቁ ክፉኛ ቆረጠኝ።

«ስድስት ያልኩት ይሉኝታ ይዞኝ አይደለም» አለች ሐኪሟ። «ስድስት ሰውነቱ በሦስት ወር ሊያወርደው፣ ካወረደም በኋላ ሊይዘው የሚችለው ነው። ግፊቱን ለማውረድም ይበቃል። አሁን በዘጠኝ ሳምንት አራት ኪሎ ከሰባት መቶ ቀንሷል። ጥሩ አድርጎ ነው የሄደው። አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ነበር የቀረው፣ አራት ሳምንት ደግሞ በእጁ ነበር።»

«ነበር» ስትል ሰማሁ። ወንድሜም ሰማ።

«አሁንስ?» አላት።

«መሪ ላይ ራሱን ለሳተ ሾፌር መፈረም አልችልም። ሦስት ወር ከመንዳት ትታገዳለህ። ከዚያ በኋላ እንደገና እናያለን።»

 ስድስቱን ንቄ ሃያ ስድስት ስጠይቅ፣ ስድስቱ የሚሰጠውን አሳጣሁት። ነገሩ ይኸው ነው፤ ማሳመሪያ የለውም።

በሩ ላይ የወንድሜ ሚስት ንጹሕ ልብሱን ይዛ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። ወደ ውጭ ስወጣ ተከተለችኝ። ባለፉት አሥራ አራት ዓመታት ቃል መልሳልኝ አታውቅም።

«እትዬ፣ ስድስት ሳምንት ሳህኑን አጋምሶ ነው የበላው» አለችኝ። «ልጆቹ የተረፋቸውን ሲሰጡት እጁን ኪሱ ይከት ነበር። ማታ ማታ ሠፈሩን አብረን እንዞራለን። እርስዎ ግን ሰው ፊት ምሳ ዕቃውን ከፈቱት። ያን ቀን እቤት መጥቶ ምን እንዳለ ያውቃሉ? እህቴ ሌባ አደረገችኝ አለ።»

 «ልክ ነሽ» አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ገባሁ። ተቀምጬ ቁጥር እጽፋለሁ፣ ልቤ ግን እዚያ የለም። አራት ኪሎ ከሰባት መቶ። ምን ያህል ነው? እንደማላውቀው ገባኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በቶን ስቆጥር አራት ኪሎ ምን እንደሚመስል ጠፍቶብኛል። ሥራ ሲያበቃ ግምጃ ቤት ሄድኩና ባለ ግምጃ ቤቱን ብሎን አውሰኝ አልኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም፤ ይፈራኛል። ሚዛኑ ላይ ከረጢት አድርጌ በእፍኝ በእፍኝ ጨመርኩ። አንድ ኪሎ ሲሞላ የበቃ መሰለኝ። ሁለት። ሦስት። አራት ከሰባት መቶ ላይ ሲደርስ ከረጢቱ ሆዱን ነፍቶ ተቀመጠ።

ይዤው፣ ቀን ላይ ከክሊኒክ ወደ ወጣው ወንድሜ ቤት በእግሬ ሄድኩ። ሃያ ደቂቃ ነው መንገዱ። አምስተኛው ደቂቃ ላይ እጄን ቀየርኩ። አሥረኛው ላይ ጣቴን ቆረጠኝ፣ መሬት አስቀምጬ አረፍኩ። እሱ ሦስተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው፤ ሁለተኛው ላይ ግድግዳ ተደግፌ ትንፋሼን ሰበሰብኩ። እኔ የናቅሁት ክብደት ነው እንግዲህ ይሄ።

አልጋው ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። ከረጢቱን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ምንድነው?»

«ያወረድከው ነው። በሐቅ ያወረድከው።»

በሁለት እጁ ያዘው። አነሳው፣ አወረደው። ከፍቶ ብሎኖቹን አየና እንደገና አነሳው። «ይህን ተሸክሜ ነው እንዴ ደረጃውን ስወጣ የኖርኩት?» አለ። ወደ ሚስቱ ዞሮ «ነይ ያዢው እስኪ» አላት። እሷም ያዘችውና እኔን አየችኝ፤ ከጠዋቱ ፊቷ ለስለስ ብሏል።

«ይቅር በለኝ» አልኩት። «ስትነግረኝ አላመንኩህም።»

«እኔም መናገር ነበረብኝ እትዬ። ስድስት ነው ያለችው ብዬ መቆም ነበረብኝ።»

«ብትቆምም አልሰማህም ነበር።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለና ሦስታችንም ሳቅን።

በሳምንቱ ቁልፉን ራሱ አመጣው። የሾፌሮች ቁልፍ የሚሰቀለው እኔ ሚዛን ቤት ነው ብያለሁ። በመስኮቱ አቀበለኝና «ያዢልኝ» ብሎኝ ወደ ጎማ መጋዘኑ ሄደ። ሰቀልኩት። ሦስት ወር ሙሉ ቀና ባልኩ ቁጥር ይታየኛል። መኪናውን ሌላ ሰው ይነዳዋል በሌላ ቁልፍ፤ ማርሹን ሲያስጮኸው ወንድሜ ከመጋዘኑ በር ላይ ብቅ ብሎ ራሱን ሲነቀንቅ አየዋለሁ። አንዳንድ ቀን ዞር ብዬ አላይም ነበር፣ አንጀቴ አይችለውማ።

መመዘኑን ግን አልተውንም። ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ በባዶ እግር፣ በባዶ ሆድ፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ልብስ። አዲስ ካርድ አወጣሁ። የሚደርስበትን ቁጥር ልጽፍ ብዕሬን ሳነሳ እጄን ያዘኝ።

«የሆነውን ብቻ ጻፊ» አለኝ።

የሆነውን ብቻ ጻፍኩ። መስኮት ላይ አልለጠፍኩትም፤ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ሦስት መቶ ግራም። አምስት መቶ። ምንም። ሁለት መቶ ጨመረ። ሰባት መቶ ወረደ። በመካከል አንድ ወር ሙሉ አንድ ቦታ ተገተረ፤ ምላሴ እየበላኝ ዝም አልኩ። ለእኔ ዝም ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀኝ ያውቃል። በአራተኛው ሰኞ ሐኪሟ ዘንድ ብቻዬን ሄጄ «ቆሟል» አልኳት። «ወገቡን ለክተውታል?» አለችኝ። ለካሁት፤ በሁለት ጣት ጠቧል። በሚቀጥለው ሳምንት ሚዛኑም ተከተለ። ሦስት መቶ ግራም ሲወርድ ከእሱ በፊት እኔ ደስ ይለኝ ጀመር፤ ሦስት መቶ ግራም ስንት ብሎን እንደሆነ አሁን አውቃለኋ።

ሦስት ወሩ ሲሞላ ወደ ክሊኒኩ ብቻውን ሄደ። ልከተልህ አላልኩትም። ሦስት መኪና መዝኜ ሦስቱንም ቁጥር ሁለት ሁለቴ ጻፍኳቸው። ከዚያ በመስኮቱ ብቅ አለ። ወረቀቱ አልታጠፈም፤ ዘርግቶ ነው የያዘው። መቶ አሥራ አምስት ነጥብ ስምንት። ግፊቱ ደህና። ከታች ፊርማ።

ቁልፉን ከተሰቀለበት አወረድኩና ሰጠሁት። 

ትንሽ ቆይቶ መኪናው ባዶውን መድረኩ ላይ ወጣ። በቀስታ ነው ያቆመው፣ ብረቱ እንኳ አልጮኸም። ቁጥሩን አየሁ። አሥራ አራት ሺህ ሁለት መቶ ስልሳ። ራሱን የሳተ ዕለት የጻፍኩት ያው ቁጥር ነው፤ ከዚያም በፊት ያው ነበር። አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ምን ይላል እትዬ?»

«አሥራ አራት ሺህ ሁለት መቶ ስልሳ።»

«ያው?»

«ያው ነው።»

ሳቀ። አረንጓዴውን ከወንበሬ ላበራለት ስችል ወጥቼ ወደ ጋቢናው ሄድኩ። ድሮ ሆዱ የመሪውን ጠርዝ ይነካ ስለነበር መቀመጫውን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፍቶት ነበር፤ ፔዳሉን የሚረግጠው በእግሩ ጣት ጫፍ ነው፣ እንዲያ ሆኖ ነው አሥራ ምናምን ዓመት የነዳው። አሁን መቀመጫው ከሐዲዱ ላይ አንድ ጥርስ ወደ ፊት መጥቷል። እግሩ በሙሉ ፔዳሉ ላይ አርፏል። በሆዱና በመሪው መካከል የእጄን መዳፍ የሚያህል ክፍተት አለ።

«ምን ታያለሽ?» አለኝ።

«መቀመጫህን» አልኩት። ወደ ወንበሬ ተመለስኩና አረንጓዴውን አበራሁለት።